ወረርሽኝ በገባበት ከተማ የመድኃኒት ቤቶች አሠራር

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ይሁን እንጂ ወረርሽኝ በገባበት ከተማ በሽታውን ያልደበቀ፣ በሐኪም የተመረመረና የማዘዣ ወረቀቱን በእጁ የያዘ ሕመምተኛም መድኃኒት ሊያጣ ይችላል። መጓጓዣ ሲቋረጥና ሰው ሁሉ ከቤቱ እንዳይወጣ ሲታዘዝ፣ በሕመምተኛውና በመድኃኒት ቤቱ መካከል ያለው ጥቂት ርቀት የሕይወትና የሞት ጉዳይ ይሆናል። የመድኃኒት ቤቶች የሥራ ሰዓትና መድኃኒት እስከ ቤት የሚደርስበት ደንብ በወረርሽኝ ጊዜ ከፍ ያለ ትኩረት የሚሰጠው ስለዚህ ነው።

ለዚህ ጉዳይ የጅቡቲ ከተማ ጥሩ ምሳሌ ትሆናለች። የዓለም የጤና ድርጅት መጋቢት 2 ቀን 2012 ዓ.ም. ኮቪድ-19 ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ መሆኑን አስታወቀ። ከአንድ ሳምንት ያህል በኋላ በሽታው ጅቡቲ ውስጥ መግባቱ ታወቀ። መንግሥትም የመንገደኞች አውሮፕላን በረራ እንዲቋረጥ አደረገ፤ ከመጋቢት 14 ቀን ጀምሮም ሕዝቡ ለአስፈላጊ ጉዳይ ካልሆነ በቀር ከቤቱ እንዳይወጣ አዘዘ። እገዳው ቀስ በቀስ መላላት የጀመረው በግንቦት ወር ነበር። ከአገሪቱ ሕዝብ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚኖረው በዚህችው ከተማ ነው፤ በተለይም እንደ ባልባላ ባሉት ሰፈሮች ቤቶቹ የተጠጋጉ፣ ቤተሰቡም ብዙ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ለኢትዮጵያ የሚመጣው ዕቃ የሚራገፍበት ወደብ ሥራውን ሊያቋርጥ ስለማይችል፣ የጭነት መኪና ሾፌሮች ከቤታቸው ርቀው በዚያው መስመር መመላለሳቸውን ቀጥለዋል።

አዲስ በሽታ ሲገባ የቀድሞዎቹ በሽታዎች ቦታ አይለቁለትም። የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የአስምና የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሰዎች በወረርሽኙም ጊዜ መድኃኒታቸውን በየቀኑ መውሰድ አለባቸው። ሰውነቱ ኢንሱሊን ጨርሶ የማያመነጭ የስኳር ሕመምተኛ መድኃኒቱ ለጥቂት ቀናት ቢቋረጥበት ለሞት ይዳረጋል። የሳንባ ነቀርሳ ሕመምተኛ መድኃኒቱን ሲያቋርጥ ተሕዋስያኑ መድኃኒቱን መቋቋም ይጀምራሉ። ከዚህም በላይ የስኳርና የደም ግፊት ሕመምተኞች በኮቪድ-19 ቢያዙ ከሌላው ሰው ይልቅ ይጎዳሉ። እንግዲህ መድኃኒት ፍለጋ በሰው በተጨናነቀ ስፍራ እንዲቆሙ የማይፈለጉት ሰዎች መድኃኒቱን አብዝተው የሚሹት ራሳቸው ናቸው። ችግሩ እዚህ ላይ ነው።

መፍትሔው በመጀመሪያ ከሥራ ሰዓት ይጀምራል። ሰው እንዳይሰበሰብ ለማድረግ መድኃኒት ቤቶች የሚከፈቱበትን ሰዓት ማሳጠር ይበጃል የሚል ሐሳብ ሊነሣ ይችላል። ነገር ግን ሒሳቡ ሲታይ ውጤቱ ተቃራኒ ነው። ለምሳሌ ያህል በቀን 120 ሰዎች የሚመጡበት መድኃኒት ቤት 12 ሰዓት ክፍት ቢሆን፣ በየሰዓቱ የሚገቡት 10 ሰዎች ናቸው። ሥራው ወደ 4 ሰዓት ቢያጥር ግን በየሰዓቱ 30 ሰዎች በር ላይ ይጋፋሉ። በጅቡቲ የቀትሩ ሙቀት ስለሚበረታ ብዙ ሱቆች እኩለ ቀን ላይ ተዘግተው አመሻሹ ላይ እንደገና የሚከፈቱ በመሆናቸው፣ ገበያተኛው በጧትና በማታ መብዛቱ ቀድሞም የተለመደ ነው። በ2012 ዓ.ም. የእገዳው ጊዜ ከረመዳን ጾም ጋር መገጣጠሙም የሕዝቡን የቀንና የማታ እንቅስቃሴ ለውጦታል።

ሁሉም መድኃኒት ቤት ሌሊትና ቀን ክፍት ሆኖ ሊውልና ሊያድር ግን አይችልም፤ ባለሙያዎቹም ይደክማሉ፣ ይታመማሉም። ስለዚህ የተረኛ መድኃኒት ቤት ሥርዓት ያስፈልጋል። በዚህ ሥርዓት መድኃኒት ቤቶች በሌሊትና በበዓል ቀን በየተራ ክፍት ይሆናሉ። ዝግ የሆነው መድኃኒት ቤትም የዕለቱ ተረኛ የት እንደሚገኝ የሚገልጽ ማስታወቂያ በበሩ ላይ ይለጥፋል። ይህ ማስታወቂያ ባይኖር፣ ሌሊት የታመመ ልጅ የያዘ ወላጅ ከአንዱ ዝግ በር ወደ ሌላው ዝግ በር ሲንከራተት ያነጋል።

ሁለተኛው መፍትሔ መድኃኒቱን ወደ ሕመምተኛው ቤት መላክ ነው። ይሁን እንጂ መድኃኒት እንደ ዳቦ ወይም እንደ ሳሙና በማንም እጅ የሚላክ ዕቃ አይደለም። በፈረንሳይ ደንብ መሠረት ወደ ቤት የሚላክ መድኃኒት ውስጡ በማይታይ ጥቅል ታሽጎ፣ የአንድ ሕመምተኛ ስምና አድራሻ ብቻ ተጽፎበት መላክ ይኖርበታል፤ እሽጉም በመንገድ ተከፍቶ እንደሆነ ተቀባዩ ሊያውቅ የሚችልበት ዓይነት መሆን አለበት። ሕንድ ደግሞ መድኃኒት እስከ ደጃፍ እንዲደርስ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ስትፈቅድ፣ ፈቃዱን የሰጠችው ሕጋዊ የንግድ ፈቃድ ላላቸው መድኃኒት ቤቶች ብቻ ነበር፤ አደንዛዥ መድኃኒቶችንም ከዚህ ፈቃድ ውጭ አድርጋለች።

የእነዚህ ደንቦች ምክንያት ግልጽ ነው። ጥቅሉ የሚታሸገው መድኃኒቱ እንዳይለወጥና የሕመምተኛው ምሥጢር እንዳይገለጥ ነው። ስም የሚጻፍበት የአንዱ መድኃኒት ለሌላው እንዳይሰጥ ነው። አደንዛዥ መድኃኒቶች የሚከለከሉት በመንገድ ተሰርቀው ለሱስ እንዳይውሉ ነው። ከሁሉም በላይ ግን ሕመምተኛው መድኃኒት ቤት ሲሄድ የሚያገኘው ዕቃውን ብቻ አይደለም፤ መድኃኒቱ ስንት ጊዜ፣ ከምግብ በፊት ወይስ በኋላ እንደሚወሰድ፣ ከምን ጋር እንደማይስማማ የሚነግረው ባለሙያም አለ። አድራሹ ይህን ምክር ሊሰጥ ስለማይችል፣ ባለሙያው በስልክ መንገርና አወሳሰዱን ሕመምተኛው በሚያነበው ቋንቋ ጽፎ ማያያዝ ይገባዋል። ፈረንሳይኛ፣ ዐረብኛ፣ ሶማልኛና አፋርኛ በሚነገርባት፣ አያሌ ኢትዮጵያውያንም በሚኖሩባት በጅቡቲ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

የጅቡቲ አየር ደግሞ ሌላ ጥንቃቄን ይጠይቃል። በበጋው የሰኔና የሐምሌ ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይወጣል። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ግን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት። በሞተር ብስክሌት ላይ በፀሐይ ሲዞር የዋለ ኢንሱሊን መልኩ ሳይለወጥ ኃይሉን ሊያጣ ይችላል፤ ሕመምተኛዋም በደንቡ እየተወጋች ስኳሯ ሲጨምር ምክንያቱን አታውቅም። ስለሆነም መድኃኒቱ በረዶ ባለበት ሣጥን መጓዝ አለበት። ኢንሱሊን ከቀዘቀዘ በኋላ በረዶ ከሆነም ስለሚበላሽ፣ ጠርሙሱ በረዶውን በቀጥታ እንዳይነካ በጨርቅ ወይም በካርቶን መለየት ያስፈልጋል።

ሦስተኛው መፍትሔ ሕመምተኛው በአንድ ጊዜ የሚያገኘውን መጠን መወሰን ነው። ለረጅም ሕመም መጠኑን መጨመር ምልልስን ይቀንሳል። በኢትዮጵያ ከኤችአይቪ ጋር ለሚኖሩና ጤንነታቸው ለተረጋጋ ሰዎች የስድስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ የመስጠት አሠራር ከወረርሽኙ በፊት ተጀምሮ ነበርና በዚያ የችግር ጊዜ እጅግ ጠቅሟል። በአንጻሩ ፍርሃት የሚያናጥቃቸውን መድኃኒቶች መጠን መቀነስ ያስፈልጋል። ፈረንሳይ በዚያው ወር የበሽታ ምልክት ለሌለው ሰው ከአንድ ፓኬት በላይ ፓራሲታሞል እንዳይሸጥ ከልክላለች። ክሎሮኪን ኮሮናን ያድናል የሚል ወሬ በተሰማ ጊዜ፣ በናይጄሪያ በሌጎስ ከተማ መድኃኒቱን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አብዝተው የወሰዱ ሰዎች ተመርዘዋል። ከክሎሮኪን ጋር የሚቀራረበው ሃይድሮክሲክሎሮኪንም በየአገሩ ስለ ተሻማ፣ ለመገጣጠሚያ ሕመም ዘወትር የሚወስዱት ሰዎች አጥተውት ተቸግረዋል።

በኅዳር 1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን የመታው፣ ሕዝቡም «የኅዳር በሽታ» ብሎ የሰየመው ኢንፍሉዌንዛ ብዙ ሰው ፈጅቷል። በዚያን ጊዜ በአንድ ቤት ያሉት ሁሉ አብረው ስለ ወደቁ፣ ውኃ የሚያቀብላቸው አጥተው የሞቱም ነበሩ። ከመቶ ዓመት በኋላ ሐኪሙም፣ መድኃኒቱም፣ ስልኩም ተገኝቷል። ቢሆንም አልጋ ላይ የተኛው ሰው ደጃፍ ድረስ የሚደርስለት ከሌለ የመድኃኒቱ መኖር ብቻውን አያድነውም።

እንግዲህ ደንቡ የሚወጣው በመንግሥት፣ የሚፈጸመውም በባለሙያው ቢሆንም የቀረው ድርሻ የቤተሰቡ ነው። መድኃኒት ሳያልቅ ከሳምንት በፊት ማሳወቅ፣ የማዘዣ ወረቀቱን በሚገባ ማስቀመጥ፣ የተላከው ጥቅል እሽጉ ያልተነካና ስሙ ትክክለኛ መሆኑን ማየት ከማንም አቅም በላይ አይደለም። በአንድ ቤት ውስጥ ማንበብ የሚችል አንድ ተማሪ ካለ፣ ይህን ሥራ ለአያቱም ለጎረቤቱም ሊሠራላቸው ይችላል።