ከማረሚያ ቤት የሚላክ መልእክትና የሰበካ ጉባኤ ድርሻ

የትዳር አጋሩን የጎዳ ሰው ተፈርዶበት ማረሚያ ቤት ሲገባ፣ ፍርድ ቤትም ከተበዳይዋ ጋር እንዳይገናኝ ትእዛዝ ሲሰጥ፣ ብዙዎቻችን ጉዳዩ እልባት እንዳገኘ እንቆጥራለን። ይሁን እንጂ አጥሩ ሰውየውን እንጂ ቃሉን አያግድም። ስልክ ያስደውላል፤ በጠያቂ እጅ ደብዳቤ ይልካል፤ በዘመድ፣ በጎረቤት፣ አንዳንድ ጊዜም በንስሐ አባት በኩል «እንዲህ በሉልኝ» ይላል። እንዲህ ያለ መልእክት ወደ ደብራችን ሲደርስ ምን ማድረግ እንደሚገባን ከዚህ በታች እናብራራለን።

የታራሚው መብትና የእገዳው ወሰን

የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 21 በጥበቃ ሥር ያሉና የታሰሩ ሰዎች ከቤተሰቦቻቸው፣ ከጓደኞቻቸውና ከሃይማኖት አማካሪዎቻቸው ጋር እንዲገናኙና እንዲጎበኙ ይፈቅዳል። ስለዚህ ካህን ታራሚን መጠየቁና ንስሐውን መቀበሉ የተገባ ነው። ነገር ግን ይህ መብት መገናኘት ያልፈለገችን ሴት አያስገድድም፤ የፍርድ ቤትንም ትእዛዝ አይሽርም። ታራሚው በራሱ አንደበት እንዳይናገር የተከለከለውን በሌላ ሰው አንደበት ቢያስነግር ዓላማው ያው ነው። መልእክት አድራሹ ቅን ልቡና ቢኖረውም እገዳው የሚፈርስበት መንገድ ይሆናል።

ስለ ሽምግልና

መልእክቱ ሁልጊዜ የዛቻ መልክ አይኖረውም። «ልጆቹ ናፈቁኝ»፣ «ተጸጽቻለሁ» የሚልም ይሆናል። በተለይ ታራሚው ይቅርታ እንዲደረግለት ሲያመለክት ከተበዳይ ጋር መታረቁ ከሚታዩት ነጥቦች አንዱ በመሆኑ፣ ቤተሰቡ ሽማግሌ ሰብስቦ የዕርቅ ፊርማ የሚጠይቅበት ጊዜ አለ። «እንቢ» ማለት የማይቻልበት ዕርቅ ግን ዕርቅ አይባልም። ይቅር ማለትና ዳግመኛ መገናኘት የተለያዩ ናቸው፤ በልቧ ይቅር ያለች ሴት ደጇን የመክፈት ግዴታ የለባትም። ለታራሚውም እገዳውን ማክበር አንዱ የንስሐ ፍሬ መሆኑን የንስሐ አባቱ ሊያስተምረው ይገባል።

ማስረጃ መያዝና ማመልከት

1. ለመልእክቱ መልስ አለመስጠት ይመከራል፤ የ«አትጻፍልኝ» መልስ እንኳ ለሌላ መልእክት በር ይከፍታል።

2. ደብዳቤውን ከነፖስታው፣ የስልክ መልእክቱንም ሳያጠፉ ማስቀመጥ፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የደወለውን ቁጥርና ያደረሰውን ሰው መመዝገብ።

3. ትእዛዙን ለሰጠው ፍርድ ቤት፣ ለፖሊስና ታራሚው ላለበት ማረሚያ ቤት አስተዳደር የትእዛዙን ግልባጭ አያይዞ በጽሑፍ ማመልከት፤ በቀሪው ቅጂ ላይ የደረሰበትን ቀንና ማኅተም ማስደረግ።

4. ዛቻ ካለበት ጊዜ አለማሳለፍ። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 580 ማስፈራራት የሚያስቀጣው የግል አቤቱታ ሲቀርብ ነው፤ እንዲህ ያለው አቤቱታም ተበዳይዋ ድርጊቱን ወይም አድራጊውን ካወቀችበት ቀን አንሥቶ በሦስት ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። «እስኪ እንየው» እያሉ ማዘግየት መብቷን ሊያሳጣት ይችላል።

በዚህ ሁሉ የወረዳው የሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤትና ነጻ የሕግ ድጋፍ የሚሰጠው የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ሊያግዟት ይችላሉ።

የሰበካው ድርሻ

የምእመናን መዝገብ የያዘው ጽሕፈት ቤት የተበዳይዋን አዲስ አድራሻና ስልክ ለማንም አሳልፎ እንዳይሰጥ አስቀድሞ ይወስን። የሁለቱም የንስሐ አባት አንድ ከሆኑ፣ በፈቃዷ ሌላ አባት ይመደቡላት። ልጆቹ አባታቸውን እንዲጠይቁ ፍርድ ቤት ከፈቀደ፣ የምታምነው ሌላ ሰው ይውሰዳቸው፤ ልጆቹም መልእክት ተሸካሚ እንዳይሆኑ ይጠበቁ። የመፈቻው ቀን ሲቃረብ ትእዛዙ ጸንቶ መቆየቱን ከፍርድ ቤት እንድታረጋግጥ፣ የሚፈታበትንም ቀን ከማረሚያ ቤቱ እንድትጠይቅ እንርዳት።

ከሁሉ በፊት ግን እያንዳንዱ ካህንና የሰበካ ጉባኤ አባል መልእክት እንዲያደርስ ሲለመን የሚሰጠውን መልስ ዛሬ ያዘጋጅ፦ «ልጠይቅህ እመጣለሁ፤ እጸልይልሃለሁ፤ ቃልህን ግን ወደ እርሷ አልወስድም።»