መድኃኒት ጀምሬ እብጠቱ ለምን ባሰ?



እንበልና በጌዴኦ ዞን፣ ኮቸሬ ወረዳ፣ ፍስሐ ገነት ከተማ ይኖራሉ። አንገትዎ ላይ የወጣው ንፍፊት ሳምንታት ቢያልፉም አልጠፋ አለ። ጤና ጣቢያ ሄደው ሲመረመሩ «የንፍፊት ቲቢ ነው» ተባሉና መድኃኒት ጀመሩ። በመጀመሪያው ወር ትኩሳቱ ለቀቀዎት፤ የምግብ ፍላጎትዎም ተመለሰ። በሁለተኛው ወር ግን ንፍፊቱ ይባስ አበጠ፤ ከጎኑም ሌላ ወጣ። ጎረቤትዎ «አልተስማማዎትም፤ ይተዉት» ይላሉ። ምን ያደርጋሉ?

መልሱ አጭር ነው። መድኃኒቱን ሳያቋርጡ ወደ ጤና ጣቢያው ይመለሱ።

በአገራችን ከቲቢ ሕሙማን ሲሶ ያህሉ ሕመማቸው ከሳንባ ውጭ ነው። ከእነዚህም በብዛት የሚታየው የንፍፊት ቲቢ ነው። ሕክምናው በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ይሰጣል። አብዛኛውን ጊዜ 6 ወር ይፈጃል፤ 2 ወር በ4 ዓይነት መድኃኒት፣ 4 ወር ደግሞ በ2 ዓይነት።

እብጠቱ ለምን ይጨምራል? መድኃኒቱ የቲቢን ጀርም ሲገድል የሞተው ጀርም ስብርባሪ ወዲያው ከሰውነት አይወጣም፤ ንፍፊቱ ውስጥ ይቆያል። በበሽታው ደክሞ የነበረው የሰውነት መከላከያ ኃይል ደግሞ በሕክምናው ይበረታና በዚያ ስብርባሪ ላይ ይዘምታል። ስለዚህ ቦታው ይቆጣል፣ ያብጣል፤ አንዳንዴም መግል ይቋጥራል። በሥጋ ደዌ ሕክምና ላይ ባሉ ሰዎችም ተመሳሳይ መቆጣት ይታያል።

ይሁን እንጂ እብጠት ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው ማለት አይደለም። ጀርሙ መድኃኒቱን የተላመደ ሊሆን ይችላል። ይህን የሚለየው ምርመራ እንጂ ግምት አይደለም። ባለሙያው በመርፌ ናሙና ሊወስድ ወይም ዲላ ወደሚገኘው ሆስፒታል ሊልክዎ ይችላል። እንደ አስፈላጊነቱ መግሉን በመርፌ ይቀዳል፤ መቆጣትን የሚያበርድ መድኃኒትም ያዛል። ይህን መድኃኒት ግን በራስዎ ገዝተው አይውሰዱ።

ሽንትዎ ወደ ብርቱካን ቀለም ቢለወጥ አይደንግጡ፤ የመድኃኒቱ ቀለም ነው። ዓይንዎ ቢጫ ከሆነ፣ ካስመለሰዎት፣ እይታዎ ከደበዘዘ፣ ቆዳዎ ላይ ሽፍታ ከወጣ ወይም ትንፋሽ ካጠረዎት ግን ቀጠሮዎን ሳይጠብቁ ዕለቱኑ ይሂዱ።

መድኃኒቱን በራስዎ ውሳኔ ቢተዉት የተረፈው ጀርም እንደገና ይነሣል፤ መድኃኒቱንም ሊላመድ ይችላል። ያን ጊዜ ሕክምናው ይከብዳል።

ስለ ምግብም አንድ ነገር እንበል። ቆጮ ኃይል ይሰጣል እንጂ ሰውነት ገንቢነቱ አነስተኛ ነው። ስለዚህ ከባቄላ፣ ከአተር፣ ከእንቁላል ወይም ከተፈላ ወተት ጋር ይመገቡት።

ረመዳን ከመግባቱ በፊትም መድኃኒቱን በየትኛው ሰዓት እንደሚወስዱ ባለሙያውን ይጠይቁ። ታማሚ ጾሙን በሌላ ቀን እንዲያወጣ አላህ (ሱ.ወ) ፈቅዶለታልና ራስዎን አያስጨንቁ።

ከመስጊድ ሲወጡ አንገቱ ያበጠ ወንድም ካዩም አይሽሹት። ሳንባው ካልተነካ በስተቀር የንፍፊት ቲቢ ወደ ሌላ ሰው አይተላለፍም። ይልቁንስ «መድኃኒትህን እየወሰድክ ነው?» ብለው ይጠይቁት። «ባሰብኝ፤ ልተወው ነው» ካለዎት ይዘውት ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።

አላህ ለሁላችንም ዓፊያውን ይስጠን!