በባሕር ውጊያ ማስመሰያ ውስጥ ኮምፒውተር የሚመራው ሰርጓጅ መርከብ እንዴት ይወስናል?

የቀድሞው የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንን ላሪ ቦንድ እ.ኤ.አ. በ1980 ለጠረጴዛ ያዘጋጀው «ሃርፑን» የተሰኘ የባሕር ውጊያ ጨዋታ በ1989 ወደ ኮምፒውተር ሲሸጋገር፣ የጠላትን ሰርጓጅ መርከብ የመምራት ሥራ ለፕሮግራም ተሰጠ።

እንዲህ ያለ ፕሮግራም ዘወትር የሚመዝነው ፍጥነትንና ጸጥታን ነው፤ መርከቡ ሲፈጥን በፕሮፔለሩ ዙሪያ የሚፈጠሩት አረፋዎች ሲፈርሱ ድምፅ ስለሚያሰሙ፣ በውሃ ውስጥ ድምፅን የሚያድነው ሶናር ከሩቅ ይለየዋል፤ የራሱ ሶናርም በውሃው ጫጫታ ይደነቁራል። ስለዚህ በሚገባ የተጻፈ ፕሮግራም ጥቂት ፈጥኖ ተጉዞ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ያዳምጣል፤ ሲታደንም የውሃው ሙቀት በድንገት ከሚለወጥበትና የድምፅን አቅጣጫ ከሚያጥፈው ንብርብር በታች ይሰወራል። በናፍጣና በባትሪ የሚሠራው ሰርጓጅ ደግሞ ባትሪውን ለመሙላት ወደ ውሃው ገጽ ቀርቦ የአየር መሳቢያ ቱቦውን ማውጣት ስላለበት፣ ፕሮግራሙ ለአደጋ የሚጋለጥበትን ሰዓት አስቀድሞ ማስላት ይኖርበታል።

ከሁሉም በላይ ወሳኙ ግን ፕሮግራሙ እንዲያውቅ የሚፈቀድለት መረጃ ነው። ኮምፒውተሩ የመርከቦችን ሁሉ ትክክለኛ ቦታ ስለሚይዝ፣ ይህ መረጃ በሶናሩ ምንም ላልሰማ ሰርጓጅ ከተላለፈ ማስመሰያው ሐሰትን ያስተምራል፤ ለሠልጣኝ አዛዥ እውነተኛ ትምህርት የሚሰጠው እንደ ሰው ሁሉ በግምትና በጥርጣሬ ውስጥ ሆኖ የሚወስን ባላጋራ ብቻ ነው።