ሚዛኑ ሲቆም

ቆቦ ላይ በስኳርና በደም ግፊት ክትትል ክፍል ውስጥ ስሠራ ደጋግሜ የምሰማው ቅሬታ አለ። ክብደት ቀንሱ የተባሉ ሰዎች በመጀመሪያዎቹ ወራት ይቀንሳሉ፤ ከዚያ ቁጥሩ አንድ ቦታ ላይ ድርቅ ይላል። «ዶክተር፣ ሚዛኑ ተበላሽቶ ካልሆነ በቀር እኔስ ጠግቤ ከበላሁ ቆየሁ» አለችኝ አንዲት ሽንኩርት ነጋዴ። ከ84 ኪሎ ተነስታ 79 ደርሳለች። ከዚያ ወዲህ በየቀጠሮው 79 ነው።

እኔን ያሳሰበኝ ግን የሚዛኑ መቆም ሳይሆን እሷ የወሰደችው መፍትሔ ነው። ምሳ መብላት ጨርሶ ትታለች። የምትወስደው መድኃኒት ደግሞ ግሊቤንክላሚድ ነው። ይህን ክኒን ውጦ ምግብ መዝለል ስኳርን ከልክ በታች ይጥላል፤ ላብ ያጠምቃል፣ ያንቀጠቅጣል፣ ራስን እስከመሳት ያደርሳል። ክኒኑ ራሱም ክብደት የመጨመር ጠባይ አለው። ስለዚህ በዚያ ቀን ሌላውን ሁሉ ትቼ ሚዛን ለምን እንደሚቆም ለማስረዳት ተቀመጥኩ።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቶሎ የሚወርደው ክብደት ስብ ብቻ አይደለም። ሰውነት በጉበትና በጡንቻ ውስጥ የሚያስቀምጠው ስኳር አለ፤ እያንዳንዱ ግራም 3 ግራም ያህል ውሃ ይዞ ይቀመጣል። ምግብ ሲቀንስ ያ ስኳር ይወጣል፣ ውሃውም አብሮት ይሄዳል፣ ሚዛኑም ደስ በሚል ፍጥነት ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ተራው የስብ ነው፤ ስብ ደግሞ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። በዚያ ላይ የቀለለ ሰውነት ለእንቅስቃሴው የሚያስፈልገው ኃይል ያንሳል። ዝናቡ ቀድሞ እንደተቋረጠ ያየ የራያ ገበሬ ከጉድጓድ የሚያወጣውን ማሽላ መስፈሪያ እንደሚያጎድል ሁሉ፣ ሰውነትም የሚገባለት ሲያንስ ወጪውን ይቆጥባል።

ይህ በሚገባ የተመረመረ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 እና 1945 አንሰል ኪስ የተባለ ሳይንቲስት በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የ36 ፈቃደኛ ወጣት ወንዶችን ምግብ በግማሽ ያህል ቀንሶ ለ24 ሳምንታት ተከታተላቸው። ክብደታቸው በሩብ ያህል ወረደ፤ ሰውነታቸው ዐርፎ ሳለ የሚያቃጥለው ኃይል ግን በ40 በመቶ ገደማ ቀነሰ። እግራቸውም አበጠ። ሥጋው ሲሄድ ውሃ እየተተካ ሚዛኑ የሆነውን ሁሉ አላሳየም።

ለራያ ሰው ረሃብ የላብራቶሪ ወሬ አይደለም። ሽንኩርት ነጋዴዋ የተወለደችው በሰባ ሰባቱ ረሃብ ነው። በጥቅምት 1977 በጋዜጠኛው ማይክል ቢዩርክ ዘገባና በመሐመድ አሚን ካሜራ ዓለም ያየው ኮረም ከአላማጣ በላይ፣ ከእኛ ሜዳ ሽቅብ ነው። ተመራማሪው ጌታቸው አራጌና ባልደረቦቹ በዚያ ረሃብ ወቅት በእናታቸው ማህፀን የነበሩትንና ገና ጨቅላ የነበሩትን ከረሃቡ በኋላ ከተወለዱት ጋር ያነጻጸሩት በዚሁ በራያ ቆቦ ወረዳ ነው። ረሃቡ የነካቸው ሰዎች ቁመታቸው አጠር ያለ፣ በጎልማሳነታቸውም የወገብ ውፍረት፣ የደም ግፊትና የስኳር መዛባት ተደራርቦ የሚገኝባቸው ሆነው ተገኝተዋል። እ.ኤ.አ. በ1944–45 በኔዘርላንድ በደረሰው ረሃብ ጊዜ በማህፀን በነበሩት ላይም የስኳር መዛባት ታይቷል። እንዲህ ያለ ታሪክ ያለውን ሰው «ሆድሽን ስላልቻልሽ ነው» ማለት ስህተት ብቻ ሳይሆን ግፍም ነው፤ ባልደረቦቼ ይህን እንዲያስቡልኝ አጥብቄ እለምናለሁ።

ሚዛኑ የማያየውን ለማየት ሜትር ይበቃል። ከመጨረሻው የጎድን አጥንትና ከዳሌ አጥንት አናት መሃል ላይ አዙሮ፣ ትንፋሽ ሲወጣ ማንበብ ነው። ለሴት 80፣ ለወንድ 94 ሳንቲሜትር ካለፈ አደጋው መጨመር ጀምሯል ማለት ነው። እሷን ስለካት መቀነቷን ፈታች፤ ድሮ ሁለት ዙር ዞሮ ጫፉ ለመሸጎጥ ብቻ ይበቃ የነበረው አሁን ሦስተኛ ዙር ጀምሮ ተርፏል። ወገቧ በመጀመሪያ ካርዷ ላይ 101 ነበር፣ አሁን 95 ነው። ጠዋት ምንም ሳትቀምስ የተለካው ስኳሯም ከ190 ወደ 135 ወርዷል። ባጃጅ ትታ ከቤቷ እስከ ገበያ በእግሯ መሄድ ከጀመረች ወዲህ ጡንቻዋ ጠንክሯል፤ ስብ የለቀቀውን ቦታ ጡንቻ ሲይዘው ሚዛን ልዩነቱን አይነግርም።

የቀነሰችው 5 ኪሎም ትንሽ አይደለም፤ ከነበራት 6 በመቶ ይጠጋል። እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ ስኳር ሊይዛቸው ከተቃረቡ ከ3,000 በላይ ሰዎች መካከል 7 በመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ በእግር እንዲሄዱ የታገዙት በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀንሷል።

የሚወርድ ሚዛን ሁሉ መልካም ዜና አለመሆኑንም እዚህ በዓይናችን አይተናል። ከ2013 መጨረሻ እስከ 2014 መጀመሪያ ጦርነቱ ቆቦ ላይ በነበረ ጊዜ መድኃኒት የተቋረጠባቸው ሰዎች ከስተው ተመለሱ። መድኃኒት ያጣ ስኳር በሽንት ይወጣል፣ ሰውነትም ጡንቻውንና ስቡን እየበላ ይመነምናል። ጎረቤት ሁሉ «ምነው ከሳሽ?» እያለ የሚደነግጠው በከንቱ አይደለም፤ ክሳት እኛ አገር ክፉ ትዝታ አለው። ስለዚህ ባሏም በክሳቷ እንዳይደነግጥ ሽንኩርት ነጋዴዋ ይዛው እንድትመጣ አደረግኩና ለሁለቱም አብሬ አስረዳሁ።

ወቅቱንም ማየት ያስፈልጋል። በፍልሰታ ጾም የወረደ ክብደት ከነሐሴ 16 በኋላ በሶለል በዓል ሰሞን ይመለሳል፤ ከረመዳን በኋላም እንዲሁ ነው። በእነዚያ ቀናት የተለካ ኪሎ ላይ ተመሥርቼ ለማንም ምክር አልቀይርም።

ምሳዋን መልሳለች፤ አንድ እንጀራ ሳይሆን ግማሽ፣ ሽሮውን ከጎመን ጋር። ሻይ ያለ ስኳር፣ ለስላሳ ጭራሽ የለም። መድኃኒቷን ወደ ሜትፎርሚን ለመቀየር የክፍላችን ሐኪም ኩላሊቷን እያስመረመረ ነው። ስትወጣ ሜትር ከየት እንደምታገኝ ጠየቀችኝ። የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል፤ በወር አንዴ፣ ጠዋት ሽንት ቤት ደርሶ፣ ምንም ሳይቀምሱ፣ ያለ ነጠላና ያለ መቀነት።