የቶርኖ አደጋን መከላከል የሚጀመረው ማሽኑ ከመነሳቱ በፊት ነው

የእንጨት ቶርኖ የአልጋና የጠረጴዛ እግር፣ የደረጃ መደገፊያና ሌሎች ክብ ቅርጽ ያላቸው ዕቃዎች የሚወጡበት ማሽን ነው። በመጋዝ ሥራ የሚሽከረከረው ስለቱ ሲሆን በቶርኖ ግን እንጨቱ ራሱ ይሽከረከራል፤ ሠራተኛው መሮውን በእጁ ይዞ ያስጠጋል። የአደጋዎቹ መነሻም በአብዛኛው ከዚሁ አሠራር ይመነጫል።

በተደጋጋሚ የሚያጋጥመው የመሮ መነጠቅ ነው። መሮው በማሳረፊያው ብረት ላይ ሳይደላደል እንጨቱን ከነካ ወይም ማሳረፊያው ከእንጨቱ ከራቀ፣ እንጨቱ ስለቱን ወደ ታች ይመታዋል። መሮው ከእጅ ሊያመልጥ፣ ጣትም ሊጣበቅ ይችላል። በመሆኑም ማሳረፊያውን ማስጠጋት፣ ማሽኑ ሳይነሳ እንጨቱን በእጅ አንድ ዙር አዙሮ ማየትና ማሳረፊያውን ማሽኑ ሲቆም ብቻ ማንቀሳቀስ ይገባል።

ሁለተኛው መንስኤ ከመጠን ያለፈ ፍጥነት ነው። ዲያሜትሩ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ እንጨት በደቂቃ 2 ሺህ ዙር ሲሽከረከር ጠርዙ በሰዓት 113 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ስንጥቅ ወይም የላላ ጉጥ ካለው ስባሪው በዚሁ ፍጥነት ይወረወራል። ለዚህ ስፋት ያለው እንጨት በደቂቃ ከ500 እስከ 750 ዙር በቂ ሲሆን፣ ገና ያልተስተካከለ ግንድ በዝቅተኛው ፍጥነት መጀመር ይኖርበታል። ፊትን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን መከላከያም አስፈላጊ ነው።

ሦስተኛው በሚሽከረከር አካል መጠቅለል ነው። ሰፊ እጅጌ፣ ነጠላ፣ ያልታሰረ ፀጉርና ጓንትም ጭምር እጅን ወይም ጭንቅላትን ወደ ማሽኑ ይጎትታሉ። በአሜሪካ ዬል ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2011 አንዲት ተማሪ በሌሊት ብቻዋን በብረት ቶርኖ ስትሠራ ፀጉሯ ተይዞ ሕይወቷ ማለፉ ይታወሳል። ብቻውን የሚሠራ ሰው አደጋ ሲደርስበት ማሽኑን የሚያጠፋለት አያገኝም።

ጉዳቱ ዘግይቶ የሚታየው ደግሞ የእንጨት ብናኝ ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእንጨት ብናኝን እ.ኤ.አ. በ1995 ለሰው ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። የአፍንጫና የአፍ መሸፈኛም ሆነ ብናኝ መሳቢያ እንደ ተጨማሪ ወጪ ሊታይ አይገባም።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ደህንነትና ጤንነት እንዲጠብቅ፣ ሠራተኛውም የደህንነት መመሪያዎችን እንዲያከብር ግዴታ ጥሏል። ለቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችና ለኢንተርፕራይዞች ማሽን የሚያቀርቡ መሥሪያ ቤቶችም በግዥ ሰነዳቸው የፊት መከላከያን፣ በቅርብ የሚገኝ የአደጋ ጊዜ ማቆሚያን፣ ብናኝ መሳቢያንና ሥልጠናን በአንድነት ማካተት ይጠበቅባቸዋል። ማሽኑ ብቻውን ከቀረበ የጎደለውን ወጪ በጣቱ ወይም በዓይኑ የሚከፍለው ሠልጣኙ ነው።