የዳሞታው ዋሻ

ከወላይታ ሶዶ በላይ የሚታየው የዳሞታ ተራራ ጥንት እሳተ ገሞራ ነበር። በጎኑ ሞቼና ቦራጎ የሚባል ሰፊ ዋሻ አለ። የዛሬ 50 ሺህ ዓመት ገደማ ሰዎች ይጠለሉበት ነበር። የሚቆርጡበት ስለት ከባልጩት የተሠራ ነው። ባልጩት እሳተ ገሞራ የተፋው፣ እንደ ጠርሙስ የሚያብረቀርቅ ድንጋይ ነው። (በኮንሶና በጋሞ ቆዳ ፋቂዎች በቅርብ ዘመንም በድንጋይ ስለት ይፍቁ ነበር።)

በዋሻው ውስጥ አፈሩና የእሳተ ገሞራ አመድ እንደ እንጀራ ተደራርቧል። ከታች ያለው የቆየ፣ ከላይ ያለው የቅርብ ነው። አጥኚዎች የባልጩቱን ዘመን የሚለዩት በዚህ ነው። ከቦታው ከተነሣ ግን ዘመኑ ይጠፋል።

ዋሻውን ልታዩ ስትሄዱ መንገድ የሚያውቅ የአገሬው ሰው ይምራችሁ። ባልጩት ብታገኙ እዩት፤ አታንሡት። ልጆችም መሬቱን በእንጨት እንዳይጭሩ ንገሯቸው።