አንድ መጽሐፍ፣ ሦስት ትምህርት፣ አንድ መምህር

እኔ ሰባተኛ ክፍል በነበርኩበት ጊዜ ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪና ፊዚክስ ሦስት መጽሐፍ፣ ሦስት መምህር ነበራቸው። የዛሬ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ተማሪ ግን ይህን አያውቀውም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ሥራ የገባው አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሦስቱንም «አጠቃላይ ሳይንስ» ብሎ አንድ ላይ ጠቅልሏቸዋል። ታናሽ ወንድም ወይም እህት ካላችሁ ፒዲኤፉ ስልካችሁ ላይ ሳይኖር አይቀርም፤ ከታተመው መጽሐፍ ቴሌግራም የቀደመበት ቦታ ብዙ ነው።

ስለ ለውጡ ባለሥልጣኑም ወላጁም ብዙ ብሏል። እኔ የጠየቅኩት ጠመኔ የሚይዙትን ነው፦ ሰፈሬ የሚኖሩ፣ በመንግሥት ትምህርት ቤት ለዓመታት ያስተማሩ የሳይንስ መምህር።

ያማርራሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን ሐሳቡን ይወዱታል። «ውኃ ሲፈላ ፊዚክስ ነው፣ ጨው ሲሟሟበት ኬሚስትሪ፣ ስንጠጣው ባዮሎጂ። ልጁ የሚያየው ግን አንድ ውኃ ነው» አሉኝ።

ችግሩ የሚጀምረው ክፍል ውስጥ ነው። የተመረቁት በኬሚስትሪ ነው። ስለ ድብልቅና ውህድ ሲያስተምሩ መጽሐፍ መግለጥ አያስፈልጋቸውም። ስለ ህዋስ ወይም ስለ ኃይል ሲሆን ግን ማታ ቁጭ ብለው ዩቲዩብ ያያሉ። ሥልጠናስ? ነበር፣ ግን አጭር። «እኔ ዩኒቨርሲቲ ያልተማርኩትን ፊዚክስ በጥቂት ቀን ስብሰባ ከየት አመጣዋለሁ?» ይላሉ።

መጽሐፉ ደግሞ ተማሪው በእጁ እንዲሞክር ይፈልጋል። ቤተ ሙከራ በሌለበት ምን ያደርጋሉ? ቀይ ጥቅል ጎመን ይገዛሉ። ቀቅለው ውኃውን በጠርሙስ ይዘው ይመጣሉ። ሎሚ ጠብ ሲደረግበት ይቀላል፤ የአመድ ውኃ ሲጨመርበት ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። አሲድና ቤዝ ማለት በቃ ይኸው ነው። ክፍሉ በአንዴ «ቲቸር፣ እኔ ልሞክር!» በሚል ጩኸት ይሞላል።

ግን ተማሪው ከ60 በላይ ነው፣ ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው፣ ጎመኑም ሎሚውም ከመምህሩ ኪስ ነው። ስለዚህ አራት ልጆች ይሞክራሉ፣ ሌላው አንገቱን አስግጎ ያያል።

እዚህ ጋ የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ትዝ ይለኛል፦ ሰው የሚተጋው በሚለካበት ነገር ነው። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ምርጫ ነው። የጎመኑ ውኃ ሲቀላ በዓይኑ ያየውም፣ ትርጉሙን ብቻ ሸምድዶ የመጣውም እኩል «ሲ»ን ያጠቁራሉ። እንግዲህ ወላጅም ተማሪም ሽምደዳን ቢመርጡ ይፈረድባቸዋል?

ጉዳዩ ቀላል አይደለም። በ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። እነዚህ ልጆች ሰባተኛ ክፍልን የተማሩት በድሮው ሥርዓት ስለሆነ በአጠቃላይ ሳይንስ ማሳበብ አይቻልም። እንዲያውም ለውጥ ለምን እንዳስፈለገ ነው የሚነግሩን። በ2015 ዓ.ም. ሰባተኛ ክፍል የገባ ልጅ ግን፣ ካልደገመ፣ 12ኛን የሚፈተነው በ2020 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ «የድሮው ሥርዓት ነው» የሚል ሰበብ አይኖርም።

ምን ይደረግ አልኳቸው። ሦስት ነገር ቆጠሩልኝ። ለመምህራን በክረምት ባልተመረቁበት ዘርፍ እውነተኛ ኮርስ ይሰጥ። በሳምንት አንዴ ሁለት ክፍለ ጊዜ ተያይዞ ለሙከራ ይመደብና ልጆቹ በቡድን ይሥሩ። የሙከራ ሥራም ነጥብ ይኑረው፤ በክልል ፈተናም ቢሆን ሙከራውን የሠራ ልጅ ብቻ የሚመልሰው ጥያቄ ይግባ።

ሦስቱም ሕንፃ አይጠይቁም። ብር ግን ይጠይቃሉ፤ ቢያንስ የጎመኑንና የሎሚውን። ያንን እስካሁን እየከፈሉ ያሉት መምህሩ ናቸው።